አስራ ሁለት ጥሩምባ በአስራ ሁለት ጠረጴዛ

ይሄን ታሪክ ስናገር ሰው ሁሉ የሚስቀው ባጃጁ ጋ ስደርስ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ከተማሪዎቼ ሁሉ እጁ የተባረከው ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ወርቅ ቁፋሮ ሊገባ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። የሚገርመው ደግሞ ለዚህ ያበቃው ተማሪዎቼ ያስተማርኳቸውን አንድም ሳያጎድሉ በሥራ ላይ ማዋላቸው ነው።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁና ልቀጥል። ሰብለ እባላለሁ። አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው የተወለድኩት፤ እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው የመጡ ናቸው። ከተማው ውስጥ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ አስተምራለሁ። ትምህርቱ የእጅ ሥራን ወደ ንግድ መለወጥ ነው። ሰፌድ መስፋት የምትችል ልጅ ሰፌዷን ለአክስቷ በነጻ መስጠቱን ትታ ለማታውቀው ሰው እንድትሸጥ ማድረግ ነው ነገሩ። ቀላል ይመስላል። የእኛ አገር ልጅ ግን እጁ ሥራ ያውቃል እንጂ «ስንት ነው?» ሲሉት መሬት መሬት ያያል።

ስለዚህ ደረቅ መምህር ነበርኩ። እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይቁም፣ የራሱ ጠረጴዛ ይኑረው፣ በራሱ አፍ ዋጋ ይጥራ እል ነበር። ባልንጀራችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ዕቃ ካስቀመጠ ደግሞ አደራ ነውና ሽጡለት፣ ደንበኛ ባዶ እጁን አይመለስ እያልኩ በየቀኑ እነዘንዛቸዋለሁ። ከክፍሉ ሁሉ ይሄን የወደደችው ትዕግስት ነበረች። የነጋዴ ልጅ ናት፣ አፏ ቅቤ ነው። የመማሪያ ክፍሉን ጥቁር ሰሌዳ ሽጪ ብትባል እስከ እረፍት ሰዓት ገዢ ታመጣለች።

ሃሩን የእሷ ተቃራኒ ነው። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ መንደራቸው ከከተማው ብዙም አይርቅም። ቅል ላይ በጋለ ሽቦ እየጻፈ የሚያወጣው ጌጥ ዓይን ያፈዛል። ያን ጊዜ ሃያውን አልፏል፣ ግን ሲናገር ድምፁ ለራሱም አይሰማውም። ታላቅ ወንድሙ ትምህርቱን ትቶ ወርቅ ፍለጋ ከሄደ ቆይቷል። ሃሩንም መሄጃው ደርሷል እየተባለ በየሳምንቱ ይወራ ነበር።

መኸሩ ከገባ በኋላ ለተማሪዎቹ ገበያው አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ባዛር አዘጋጀሁ። ባዛሩ ሳምንታት ሲቀሩት ሃሩን ቢሮዬ መጣ።

«ቲቸር፣ ጠረጴዛ ልጠይቅ ነበር።»

«ተመድቦልሃል እኮ።»

«አስራ ሁለት ነው የምፈልገው።»

«አብደሃል እንዴ ሃሩን? ክፍሉ በሙሉ አስራ ሁለት ነው!»

ፈገግ አለ። «እሱን ነው የምለው።»

ነገሩን አስረዳኝ። አባቱ የሚመሩት የጥሩምባ ጓድ አለ። ጥሩምባው ዋዛ ይባላል፤ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ ነው የሚሠራው፣ ትንሹ ክንድ ያህላል፣ ትልቁ ሰው ያህላል። እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አንዱ «ቡ» ካለ «ቡ» ነው፣ ሌላ አያውቅም። አስራ ሁለት ሰው ተራውን እየጠበቀ ጣል ሲያደርግ ነው ዘፈን የሚሆነው። ሃሩን ያሰበው በየጠረጴዛው አንድ አንድ አስቀምጦ፣ ተማሪዎቹን አለማምዶ፣ ከየጠረጴዛቸው ሆነው እንዲነፉ ነው። ሰው ድምፁን ሰምቶ ይመጣል፣ ሲመጣ ዕቃውን ያያል። ማስታወቂያ ማለት እኮ ይሄ ነው! እኔ በአንድ ዓመት ካስተማርኩት ይበልጣል ብዬ ተደሰትኩ።

አባቱን ለማስፈቀድ አብሬው ሄድኩ። አባባ ሙሳ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የአልጋ ጠፍር ያጠብቃሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቶሎ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ከልጃቸው ጋር በቋንቋቸው ሲነጋገሩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔም በ«አንተ» መጠራቱን ለምጄዋለሁ፤ «ኡስታዛ» የሚሉኝ ግን መምህርት ለማለት ነው።

«ኡስታዛ፣ አንተ ቃል ትሰጣለህ?»

«እሰጣለሁ አባባ።»

«ቅዳሜ ይሄዳል። ቅዳሜ ይመጣል። እሁድ ሰርግ አለ፣ የልጄ ሰርግ። ሃሩን እህቱ ናት። ጥሩምባ ከሌለ ሰርግ የለም።»

«ይመጣል።»

«አንድ ቢጎድል፣ ይሄ ልጅ ትምህርት በቃ። ወንድሙ ወርቅ ጋ ነው፣ እሱም እዛ ይሄዳል። ወላሂ ይሄዳል።»

ሃሩን እግሩን እግሩን ያያል። እኔ ደግሞ ምን ሊጎድል ይችላል ብዬ ነው የተመለስኩት። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያን ቀን ከሦስታችን አንዳችንም «እንዳይሸጥ» የሚለውን ቃል አልተናገርንም። አባባ ሙሳና ሃሩን ያላሉት አንዱን ጥሩምባ ብቻውን የሚገዛ ሰው ይኖራል ብለው ስላላሰቡ ነው። የወንበር አንድ እግር ነጥሎ የሚገዛ ሰው አይተው አያውቁም። እኔም የእሱ ማስታወቂያ ስለማረከኝ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ሞላ። ሃሩን መሀል ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዱ ጥግ ላይ «ቡ» አለ፣ ከወዲያ ጥግ መለሰለት፣ ከዚያ ሁሉም እየተቀባበለ ሜዳውን ዞረ። ልጆቹ ለሳምንታት ሃሩን መንደር እየሄዱ ተለማምደዋል፣ የሚሳሳተው ጥቂት ነው። ከገበያው ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። የሽንኩርት ነጋዴዎች ሚዛናቸውን ትተው መጡ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የትዕግስት ሰፌዶች ግማሹ አለቀ፤ ሃሩንም ጠረጴዛው ላይ ካሉት የጨው ቅሎች ብዙዎቹን ሸጠ፣ ለዚያውም ዋጋ ሲጠራ ድምፁ ይሰማል። ደስ አለኝ። ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

ስመለስ ትዕግስት ሃሩን ፊት ቆማ ብር ትሰጠዋለች። ፊቷ በርቷል።

«እንካ የኔ ጌታ! የአደራህን ሸጥኩልህ። ጥሩ ዋጋ ነው ያወጣሁልህ፣ እየው።»

«የምን?»

«የጥሩምባህን ነዋ! ለጋሽ ይመር ሸጥኩት፣ ለባለሆቴሉ። ከክፍላችን እነ ገመቹም ሸጠውልሃል።»

ሃሩን ብሩን እጁ ላይ እንደያዘ በየጠረጴዛው ዓይኑን አዞረ። ከዚያ ወገቡን ይዞ ቁጢጥ አለ። ትዕግስት ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ እኔን አየችኝ።

«ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ? እርስዎ አይደሉ ሽጡለት ያሉት?»

አዎ፣ እኔው ነኝ። ዘጠኙ አለ፣ ሦስቱ የለም። አንዱን ባለባጃጅ፣ አንዱን ልጅ ያዘለች ሴት፣ አንዱን ጋሽ ይመር ወስደውታል። ቀኑ ተጋምሷል፣ ሰርጉ ነገ ነው።

«ሃሩን፣ ተነስ» አልኩት። «ከተማዋ ትንሽ ናት።»

«የከተማው ባጃጅ ግን ስንትና ስንት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። አሶሳ ውስጥ ሰማያዊ ባጃጅ መፈለግ ማለት ገበያ ውስጥ ሻሽ ያሰረች ሴት እንደ መፈለግ ነው። እንዴት እንደምንጀምር ግራ ገብቶን መንገዱ ዳር ቆመን ሳለ፣ ከመናኸሪያው በኩል ከሩቅ አንድ ድምፅ መጣ።

«ቡ—»

ሃሩን አንገቱን ቀና አደረገ። «የአጎቴ ነው!»

«ምኑ?»

«ድምፁ! የአጎቴ ጥሩምባ ነው ቲቸር! በዚህ በኩል!»

ሮጥን። ድምፁ ይታጠፋል፣ እኛም እንታጠፋለን። መስቀለኛው ላይ ስንደርስ ባለባጃጁን አገኘነው፤ ጥሩምባውን ከመሪው ጎን በላስቲክ አስሮ፣ አህያ ፊቱ ቆማበት፣ ጉንጩን ነፍቶ ይነፋባታል። አህያዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ወንድሜ ቁም! ቁም!»

«ምነው እህቴ፣ ሰላም አይደለም?»

«ጥሩምባው…»

«ክላክሴ ከተበላሸ ሳምንቱ ነው» አለ በኩራት። «ይሄ ይሻላል። ትራፊኩ እንኳን ዞር ብሎ ሳቀልኝ።»

ሃሩን እየተንተባተበ ሰርጉን ነገረው። ሰውየው ትንሽ አሰበና ላስቲኩን መፍታት ጀመረ። «የሰው ሰርግ ላይ ቀዳዳ ልሆን? አልሆንም። ግቡ፣ ሌላውን አብረን እንፈልጋለን።» ቅድም ሰዎች የሚስቁት እዚህ ላይ ነው ያልኳችሁ።

ልጅ ያዘለችው ሴት ባምባሲ ነው የምትኖረው ተብለናልና በቀጥታ መናኸሪያ ገባን። ሚኒባሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል፤ ጥሩምባው በመስኮት አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ ይታያል። ባለባጃጁ ፊት ለፊቱ ሄዶ ገተረው። ሹፌሩ ሰደበን፣ ረዳቱ ሰደበን፣ ተሳፋሪው አገዛቸው። ሴትየዋ ነገሩን ስትሰማ ወዲያው ልትመልስ ፈለገች፣ ልጇ ግን ጥሩምባውን ጥብቅ አድርጎ ይዞ አገር ይያዝልኝ አለ። ሃሩን ከኪሱ አንድ ያጌጠች ትንሽ ቅል አወጣ። ውስጧ ጠጠር አለ፣ ሲያናውጧት ትጮኻለች። ልጁ አየት አደረጋትና ጥሩምባውን ለቀቀ። ገንዘቧን ስንመልስላት ሴትየዋ «እህትህን እንኳን ደስ ያላት በልልኝ» ብላ መስኮቱን ዘጋች።

ጋሽ ይመርን ሆን ብለን ነበር ወደ መጨረሻ ያደረግነው። እሳቸው የት ይሄዳሉ? ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ሰው ናቸው፣ መጀመሪያ ገበሬ፣ ኋላ ነጋዴ፣ አሁን ባለሆቴል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ጥሩምባው እሳቸው ጋ ከሆነ በእጃችን እንዳለ ነው ብለን አስበን ነበር።

ሆቴሉ ስንገባ እንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከረጅሞቹ አንዱ ነው፣ ከወገቤ በላይ የሚደርስ። ጋሽ ይመር እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከሥሩ ቆመዋል።

«ወይ አንቺ የአበጋዝ ልጅ! ነይ እስቲ፣ አላማረም?»

«አምሯል ጋሽ ይመር። ግን እንዴት ነው የሰቀሉት?»

«በምስማር ነዋ፣ በምን ይሰቀል?»

«ምስማሩ የት ጋ ነው የገባው?»

«እታች ቅሉ ላይ። በመሰርሰሪያ አስበስቼ ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ አትስጊ።»

ሃሩን ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደው። ቀዳዳው ጣት አያስገባም፣ ግን ቀዳዳ ነው። ወደ አፉ አስጠጋና ነፋው። ፍስስ አለ። ደግሞ ነፋው። ፍስስ።

«የወንድሜ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ወርቅ ሲሄድ ለአባቴ ጠብቅልኝ ብሎ ነው የሰጠው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። ለጋሽ ይመር ገንዘባቸውን ብንሰጣቸው አይቀበሉም አሉ። ነገርናቸው፣ ለመንናቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ሌባ ነኝ እንዴ? በአደባባይ ገዝቼ ነው!»

«ሌባ አልተባሉም ጋሽዬ። በስህተት ነው የተሸጠው። የልጁ ትምህርት…»

«አልመልስም አልኩ እኮ፣ አንቺ ልጅ!»

ትዕግስት ከኋላችን ተከትላ ገብታ ነበር፤ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ቱግ አልኩ። «እርስዎ ምን ያደርግልዎታል? አንድ ድምፅ ብቻ ያለው፣ እሱም የተበሳ ቅል! ለግድግዳ ሌላ ጌጥ ጠፋ?»

ጋሽ ይመር ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ።

«እንደመጣን ሰሞን» አሉ፣ «መኸሩ ሲያበቃ ማታ ማታ ይሄ ነገር ከማዶ ይሰማን ነበር። አባትሽና እኔ ደጅ ቁጭ ብለን እንሰማለን። አገራችን አይደለም፣ ቋንቋው አይገባንም፣ ወባው ጨርሶናል። እሱ ሲሰማ ግን ደስ ይለን ነበር። ይኸው አርጅቻለሁ፣ አሁንም የምሰማው ከሩቅ ነው። ማንም ና ብሎኝ አያውቅም። ና ስላላሉኝ ገዛሁት። ምን ይደረግ?»

አባቴ ይሄን አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ሃሩን ግን እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩትን ነገር ተናገረ፣ ድምፁም ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ነገ ይምጡ ጋሼ። እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይምጡ።»

ጋሽ ይመር ቀና ብለው አዩት። «ቀለድክብኝ?»

«አልቀለድኩም። እህቴ ናት የምታገባው። እኔ ጠርቼዎታለሁ።»

ቃሌን እንዳፈረስኩ ገብቶኛል፤ ቅዳሜ ይመለሳል ያልኩት ጥሩምባ ሙሉውን አልተመለሰም። ሃሩን አስራ አንዱን ተሸክሞ በባጃጁ ሄደ። አንዱ ነገ ይመጣል ብሎ ለአባቱ ሲነግራቸው ምን እንዳሉት ሊነግረኝ አልፈለገም።

በማግስቱ ከረፋዱ በኋላ በጋሽ ይመር ፒክአፕ ሄድን። ትዕግስት አልቀርም ብላ ከኋላ ተጫነች፤ ጥሩምባውን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ጋሽ ይመር ኮት ለብሰዋል። እኔ በልቤ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ «ሃሩን» ብዬ መልስ ባጣ ምን ይሰማኛል?

መንደሩ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ በደማቅ ልብሳቸው ወዲህ ወዲያ ይላሉ፣ ሙሽራዋ ቤት ውስጥ ናት። አባባ ሙሳ ጥሩምባ ነፊዎቹን ሰብስበው ቆመዋል። ጥሩምባውን ከትዕግስት ተቀበሉ፣ ገለበጡት፣ ቀዳዳውን አገኙት።

«ይሄ ማነው?»

ጋሽ ይመር ኮታቸውን ጎተት አደረጉ። «እኔ ነኝ። ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ብዬ።»

«ግድግዳ?» አባባ ሙሳ ወደ ልጃቸው ዞረው በቋንቋቸው ጠየቁት። ሃሩን መለሰ። ከነፊዎቹ አንዱ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። አባባ ሙሳ አልሳቁም።

«ኡስታዛ፣ አንተ ቃል ሰጠህ።»

«ሰጥቻለሁ አባባ። ሳልፈጽም ቀረሁ። ልጁ ግን ጥፋት የለበትም። ይቆጡ ከሆነ እኔን ይቆጡኝ።»

አባባ ሙሳ ቤት ገብተው የንብ ሰም ይዘው ወጡ፤ መዳፋቸው ላይ እያሹ አለሰለሱት፣ ቀዳዳው ላይ ለጠፉት፣ በአውራ ጣታቸው አስተካከሉት። ከዚያ ነፉት። «ቡ» አለ። ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ ለእኔ እንኳን ይታወቀኛል፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የጉንፋን ድምፅ የመሰለ ነገር አለው። ሃሩን አይኑን ጨፈነ።

«ደህና ነው፣ ይሠራል» አሉ አባባ ሙሳ። «ግን ማን ይነፋል?»

ነፊዎቹ ወደ መንገዱ ዞሩ። ለካ የሃሩን ታላቅ ወንድም ለእህቱ ሰርግ እመጣለሁ ብሎ ልኮ ነበር፤ አልመጣም። መንገዱ እስከሚታይበት ድረስ ማንም አልነበረም። ጥሩምባው ተገኝቶም ጉድለቱ ጉድለት ነው። የአባባ ሙሳ ፊት ሲለወጥ አየሁት፤ ቁጣው ጠፍቶ ሀዘን ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ያኔ ዛፉ ሥር የዛቱት ዛቻ የገባኝ። እኒህ ሰው ሃሩንን ወደ ወርቁ መላክ አልነበረም ፍላጎታቸው፣ ሌላ ልጅ እንዳይሄድባቸው ፈርተው ነው።

ከዚያ ዞሩና ጥሩምባውን ጋሽ ይመር ደረት ላይ ለጠፉት።

«የገዛው ይንፋ!»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ይመር። «ኧረ በአላህ! እኔ ምን አውቄ? እድሜዬን አታይም?»

«አንድ ድምፅ ነው። አንድ ድምፅ ሽማግሌም ይችላል።»

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ይመር እኔን አዩኝ፣ ፒክአፓቸውን አዩ፣ ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ሃሩን ከጎናቸው ቆመ። «እኔ በክርኔ ስነካዎት ይንፉ» አላቸው።

ነፊዎቹ እየነፉ በክብ መዞር ጀመሩ። የመጀመሪያው ዙር ጉድ ነበር። ጋሽ ይመር ቀድመው ነፉ፣ ቀጥሎ ዘግይተው ነፉ፣ አንዴ ደግሞ ሁሉም ዝም ያለበት ቦታ ላይ ብቻቸውን «ቡ» አሉ። ሴቶቹ በሳቅ ተያይዘው ወደቁ። አባባ ሙሳ እየዞሩ በቁጣ ይጮኻሉ። ሃሩን ይጎሽማል፣ ይጎሽማል። ትዕግስት ከጎኔ ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች።

ከዚያ መቼ እንደሆነ ሳላውቀው ጋሽ ይመር ዘፈኑ ውስጥ ገቡ። ክርኑን ከመጠበቃቸው በፊት ነፉ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ። እንደገና፣ ትክክል። ያ የሻከረ ድምፅ በሌሎቹ መሀል ገብቶ ቦታውን ያዘ፣ ዘፈኑም ሞላ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሙሽራዋ ወጣች። ጋሽ ይመር ላብ አጥምቋቸዋል፣ ጉንጫቸው ተነፍቷል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም አልቅሻለሁ፤ ሰው እንዳያየኝ የያዝኩትን ኮት ፊቴ ላይ አደረግሁት፣ ኮቱ ደግሞ ትንባሆ ይሸታል።

ሲያበቃ አባባ ሙሳ ጥሩምባዎቹን ግድግዳው ሥር አስደግፈው አዩአቸው። አስራ ሁለት። ልጃቸውን ጠሩት። እኔ በአቅራቢያው ስለነበርኩ በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ ሆን ብለው ይመስለኛል።

«ሰኞ ትምህርት የለህም እንዴ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ አታምሽ።»

ይኸው ነው የሆነው። አሁን ምን ተለወጠብሽ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ሽጡ ማለቴን አልተውኩም፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ አሁንም ዋጋ የማይጠራ ተማሪ ይረብሸኛል። ግን አዲስ ተማሪ የእጅ ሥራውን ይዞ ሲመጣ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር አለ፤ ይሄ ነገር ብቻውን ነው ወይስ ጓደኛ አለው? ጓደኛ ያለው ነገር አይነጣጠልም። ባለቤቶቹ አብረውት ይሂዱ፣ ሠርተውበት ይመለሱ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይውልም። ይሄን መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ጠረጴዛዎቹንም አንድ ላይ ገጥሜያቸዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ይጣላሉ፣ ግን ይሸጣሉ።

ሃሩን ትምህርቱን ጨርሶ ያጌጡ ቅሎች ይሸጣል፤ ለመሸጥ ብሎ የሠራቸውን ማለቴ ነው። ለሻጭነት ትዕግስትን ቀጥሯታል፣ ወይም ትዕግስት እሱን ቀጥራዋለች፣ ሁለቱን ብትጠይቋቸው የተለያየ መልስ ይሰጧችኋል። ወንድሙ ግን እስካሁን አልተመለሰም። አባባ ሙሳ በሰው በሰው ይልኩበታል፣ እመጣለሁ ይላል።

ከመኸር በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ጓዱ ጋሽ ይመር ሆቴል ግቢ ውስጥ ይጫወታል። ይከፈላቸዋል፣ እንግዳውም ይሞላል። ጥሩምባዎቹ አብረው መጥተው አብረው ይመለሳሉ፤ ያቺ ሰም ያላት ጭምር። ገንዘባቸውን እስከ ዛሬ አልተቀበሉምና ጋሽ ይመር ያቺ የእኔ ናት ይላሉ፣ ማንም አይከራከራቸውም። ታላቅ ልጄ እስኪመጣ አንተ ንፋ ብለዋቸዋል አባባ ሙሳ።

አሶሳ ከመጣችሁና እዚያ ሆቴል ካረፋችሁ፣ ቁልፍ ስትቀበሉ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ግድግዳ እዩት። መሀሉ ላይ ትልቅ ምስማር አለ፣ ምንም አልተሰቀለበትም። አስተናጋጆቹ ብዙ ጊዜ ሊነቅሉት ፈልገው ጋሽ ይመር ከልክለዋቸዋል። ለምን ብላችሁ ጠይቋቸው። ሥራ እንኳን ቢበዛባቸው ትተው ይነግሯችኋል።